ርካሹ የስክሪን መቅጃ የትኛው ነው? በዶላር የሚከራይ ሶፍትዌር እና የምሥራቅ አፍሪካ ኪስ

ሩንዳ በሰሜናዊ ናይሮቢ የምትገኝ፣ ዛፍና አጥር የበዛባት ጸጥተኛ የመኖሪያ ሰፈር ናት። አጠገቧ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤትና በርካታ ኤምባሲዎች የሚገኙበት ጊጊሪ አለ። በመሆኑም ከነዋሪዎቿ መካከል ዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞችና በግላቸው የሚሠሩ አማካሪዎች ጥቂት አይደሉም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ ከፊሉ ከቢሮ ወጥቶ መኖሪያ ቤት ገብቷል።

ናይሮቢ ተቀምጦ በጅግጅጋ ወይም በባሕር ዳር ለሚገኝ ባልደረባው አዲስ የሪፖርት ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ ማሳየት የሚፈልግ ሰው፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ ይልቅ የኮምፒውተሩን ስክሪን ከድምፁ ጋር ቀርጾ ይልካል። የሶፍትዌር ባለሙያ የገጠመውን ብልሽት፣ የሒሳብ ሠራተኛ የወር መዝጊያ አሠራሩን፣ አሠልጣኝ ትምህርቱን የሚያስተላልፉት በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ሥራ ከአሥር ዓመት በፊት የጥቂት ባለሙያዎች ነበር፤ ዛሬ ግን ደብዳቤ የመጻፍ ያህል የተለመደ ሆኗል።

የቀረጻው ዋጋ ጥያቄ የሆነው ግን ገንዘቡ ሲሳሳ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮፓውያኑ ጥር 2025 የውጭ እርዳታን አገደ። የአገሪቱ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ራሱን የቻለ ተቋም መሆኑ አበቃ። ድርጅቱ በናይሮቢ ትልቅ ቢሮ ነበረው፤ በእርሱ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶችም በኬንያ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ተበትነው ነበር። በጀት ሲቆረጥ ስለ መኪናና ስለ ደመወዝ ብዙ ይባላል። በየወሩ በካርድ የሚከፈሉት የሶፍትዌር ሒሳቦችና በውስጣቸው የተከማቹት የሥልጠና ቪዲዮዎች ግን እምብዛም አይነሱም።

ስለዚህ ቡድኖችም ሆኑ በግላቸው የሚሠሩ ይዘት ፈጣሪዎች “ርካሽ የስክሪን መቅጃ” ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት ወርሃዊው ዋጋ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ክፍያው በምን ገንዘብ ይፈጸማል? ስንት ሰው ይከፈልበታል? መክፈል ሲቆምስ ቀረጻው በማን እጅ ይቀራል? በምሥራቅ አፍሪካ ሁኔታ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል።

ከሽያጭ ወደ ኪራይ

ስክሪን መቅዳት ለረጅም ጊዜ እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚሸጥ ሶፍትዌር ነበር። በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት የሚገኘው ቴክስሚዝ ኩባንያ ካምቴዥያ የተባለውን መቅጃና ማቀናበሪያ ለብዙ ዓመታት የሸጠው በአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ገዢው አንዴ ከከፈለ፣ አዲሱ ዕትም ቢቀርበት እንኳ የገዛውን ኮምፒውተሩ እስካለ ድረስ ይጠቀምበታል። ኩባንያው በአውሮፓውያኑ 2024 ይህን አሠራር ትቶ ካምቴዥያን ወደ ዓመታዊ ኪራይ አዛውሮታል።

ሌላው መንገድ ከጅምሩ ኪራይ ነበር። ሉም የተባለው አገልግሎት ቀረጻውን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ከማስቀመጥ ይልቅ ወዲያው ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይልከዋል፤ ለተጠቃሚው የሚሰጠውም ለሌሎች የሚያጋራው ማስፈንጠሪያ ነው። ይህ ቅልጥፍና በወረርሽኙ ዘመን እጅግ ተፈላጊ አደረገው። የአውስትራሊያው አትላሲያን በጥቅምት 2023 ሉምን በ975 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ለስክሪን መቅጃ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣው በየወሩ ስለሚከፍሉ ደንበኞች እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ሉም በነጻ የሚሞከርበት ደረጃም አለው። ለረጅም ጊዜ በታወቀበት ገደቡ አንድ ሰው 25 ቪዲዮዎችን፣ እያንዳንዳቸውን ከአምስት ደቂቃ ሳያስበልጥ መቅዳት ይችላል። ለአንድ አማካሪ ለጥቂት ሳምንታት ይበቃው ይሆናል። የአርባ ደቂቃ ሥልጠና ለሚያዘጋጅ ቡድን ግን የሱቅ ደጃፍ ላይ እንደሚቀመስ ናሙና ነው።

57 ብር የነበረው ዶላር

በወር ለአንድ ሰው 15 ዶላር የሚያስከፍል የመቅጃ አገልግሎት ቢወሰድ፣ አምስት አባላት ያሉት ቡድን በዓመት 900 ዶላር ይከፍላል። ለኒው ዮርክ ወይም ለለንደን ኩባንያ ይህ ገንዘብ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አይደለም።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጓ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ስሌት 900 ዶላር ወደ 51 ሺህ ብር ይሆናል። ከአንድ ዓመት በኋላ የባንኮች ተመን ከ130 ብር በላይ ሆነ፤ ያው 900 ዶላርም ከ117 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ አልተሻሻለም፣ የቡድኑ አባላትም አልበዙም። በብር የሚገኘው ገቢ በተመሳሳይ ፍጥነት ካላደገ ልዩነቱ የሚወጣው ከሌላ ሥራ ላይ ነው።

ኬንያ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። የኬንያ ሺሊንግ በጥር 2024 አንድ ዶላር በ160 ሺሊንግ አካባቢ እስኪመነዘር ድረስ ወድቆ ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ አገግሞ 129 ገደማ ላይ ረጋ። ያው የአምስት ሰው ኪራይ በጥር 144 ሺህ ሺሊንግ ገደማ የነበረው ወደ 116 ሺህ ወረደ ማለት ነው። እዚህ ዋጋው መውረዱ መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም ለቡድኑ በጀት አውጪ ዓመታዊ ወጪው በምንዛሪ ገበያ የሚወሰን መሆኑ ራሱ ችግር ነው።

ግብርም አለ። ኬንያ ከውጭ በሚገዙ ዲጂታል አገልግሎቶች ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ትጥላለች። የኢትዮጵያ አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅም ከውጭ በበይነ መረብ የሚሰጡ አገልግሎቶችን በ15 በመቶው ታክስ ሥር አካቷል። በኩባንያው ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይጨምርም።

ከዋጋው በፊት የሚመጣው ደግሞ መክፈል መቻል ነው። በናይሮቢ ሳፋሪኮም ከቪዛ ጋር በመሆን በ2022 ያስጀመረው ግሎባልፔይ የተባለ ካርድ፣ የኤምፔሳ ተጠቃሚ ከስልኩ ሆኖ ለውጭ ድርጅቶች እንዲከፍል አስችሏል። በኢትዮጵያ ግን ለውጭ አገር ወርሃዊ አገልግሎት የሚውል የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለብዙ ግለሰቦችና ትንንሽ ድርጅቶች አሁንም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የተለመደው መፍትሔ በውጭ የሚኖር ወንድም ወይም እህት፣ አንዳንዴም የቀድሞ የክፍል ጓደኛ በካርዱ እንዲከፍል መለመን ነው።

ይህ መላ የሚያስከትለው ነገር አለ። የቡድኑ የሥልጠና ቪዲዮዎች ሁሉ የተከማቹበት ሒሳብ በሲያትል ወይም በሪያድ በሚኖር ዘመድ ካርድ ላይ ይንጠለጠላል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ዘመድየው ሲረሳው፣ ቡድኑ ሥራው መቋረጡን የሚያውቀው ማስፈንጠሪያው አልከፈት ሲለው ነው።

ነጻው ምን ያስከፍላል?

ገንዘብ ሳይወጣ የሚሠራ መቅጃ ሞልቷል። የአይፎን ስልኮች ከ2017 ጀምሮ፣ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ከ11ኛው ዕትም ወዲህ ስክሪን መቅጃ አብሯቸው ይመጣል። የአፕል ኮምፒውተሮችም እንዲሁ። ዊንዶውስ 11 ስናፒንግ ቱል በተባለው መሣሪያው ውስጥ ቀረጻን አካቷል። በዊንዶውስ 10 ያለው ጌም ባር ለጨዋታ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ የአንድን ፕሮግራም መስኮት ይቀርጻል እንጂ የኮምፒውተሩን ዋና ገጽ ወይም የፋይል ማሳያውን አይቀርጽም። ብዙ ጀማሪ አሠልጣኞች ይህን የሚያውቁት ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ነው።

የሦስት ደቂቃ መልእክት ለመላክ እነዚህ ይበቃሉ። ለዚያ ብቻ በወር 15 ዶላር የሚከፍል ቡድን ካለ ገንዘቡን እያባከነ ነው ማለት ይቻላል።

ከፍ ላለ ሥራ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነው። ሂዩ ቤይሊ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ በ2012 የጀመረው ይህ ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። የጊዜ ገደብ የለውም፤ በቪዲዮው ጥግ የኩባንያ ምልክት አያትምም፤ ሒሳብ ክፈቱም አይልም። ስክሪኑን፣ የካሜራውን ምስልና የተለያዩ የድምፅ ምንጮችን በአንድነት ይቀርጻል፤ በቀጥታም ያሰራጫል። ሥራውን ከሚደግፉት መካከል ትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይገኙበታል። ዊንዶውስን ብቻ ለሚጠቀሙ ሼርኤክስ የተባለ ቀለል ያለና እንዲሁ ክፍት የሆነ አማራጭ አለ።

ኦቢኤስ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ባዶ ጥቁር ገጽ ያሳያል፤ ምን እንደሚቀርጽ ተጠቃሚው ራሱ መንገር አለበት። ማይክሮፎኑን ሳይመርጥ የአንድ ሰዓት ድምፅ አልባ ቪዲዮ የቀረጸ ሰው ብርቅ አይደለም። ቆርጦ መቀጠልም አይችልም፤ ለዚያ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለአንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን የሚወስደው ትምህርት ቴክኖሎጂ ለማይቀናው የቡድን መሪ ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ይህ የሥራ ሰዓት ነው፤ ዋጋ አለው። ሆኖም አንድ ጊዜ የሚከፈልና በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚሰላ ዋጋ ነው።

የኮምፒውተሩ ዕድሜም ይቆጠራል። ኦቢኤስ ከ2022ቱ 28ኛ ዕትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ንና 8ን መደገፍ አቁሟል፤ ባለ 32 ቢት ዕትሙም ቀርቷል። ማይክሮሶፍትም በጥቅምት 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ዘግቷል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየትምህርት ቤቱ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች በዚህ ምክንያት ከነጻውም ከሚከፈልበትም ገበያ ቀስ በቀስ እየወጡ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ አንዳንዴ ከሁሉም የሚሻለው መቅጃ በኪስ ያለው ስልክ ሆኖ ይገኛል።

ነጻ ነው ሲባል ከየትም ይወረድ ማለት አይደለም። በጥር 2023 አጭበርባሪዎች የኦቢኤስን ገጽ አስመስለው ሠርተው በጉግል ማስታወቂያ አማካይነት ከፍለጋው ውጤት አናት ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ አውርደው የጫኑ ሰዎች የይለፍ ቃላቸውና ንብረታቸው ተሰርቆባቸዋል። በክልላችን ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞሩት፣ “ክራክ” የተደረጉ የካምቴዥያ ቅጂዎችም ከዚህ አደጋ አያመልጡም። የተሰረቀ ሶፍትዌር መጠቀም በሕግ ማስጠየቁ እንዳለ ሆኖ፣ መቅጃ ማለት በባሕርዩ የስክሪኑን ሁሉ የሚያይና ድምፅ የሚሰማ ፕሮግራም ነው። ማን እንዳበጀው የማይታወቅ ሰው ሠራሽ ዓይን የባንክ ሒሳብ በሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ መትከል ቁጠባ ሊባል አይችልም።

መብራት ሲጠፋ

በውጭ አገር የሚጻፉ የሶፍትዌር ንጽጽሮች ጨርሶ የማያነሱት፣ እዚህ ግን ቀዳሚ መሆን ያለበት ነገር አለ፦ በቀረጻው መሐል መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል?

ነሐሴ 25፣ 2023 ምሽት ኬንያ አገር አቀፍ የኃይል መቋረጥ ሲገጥማት የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሩንዳን በመሳሰሉ ሰፈሮች ጄኔሬተርና የፀሐይ ኃይል የተለመዱ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚሠራ መምህር ግን ይህ ዕድል የለውም።

ጉዳዩ የፋይሉ ዓይነት ላይ ነው። በብዛት የሚታወቀው የኤምፒ4 ፋይል ለመከፈት የሚያስፈልገው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ የሃምሳ ደቂቃ ትምህርት በዲስኩ ላይ እያለ ሊከፈት አይችልም። ኤምኬቪ በተባለው ቅርጽ የተቀዳ ግን ኃይሉ እስከተቋረጠበት ቅጽበት ያለው ክፍል ይተርፋል። ኦቢኤስ በኤምኬቪ ቀርጾ ሲያበቃ በደቂቃ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 የሚለውጥ ትእዛዝ በውስጡ አለው፤ በ2024 ያወጣው ዕትም ደግሞ ሁለቱን ጥቅሞች የሚያጣምር አዲስ የኤምፒ4 ዓይነት ጨምሯል። ይህን ማስተካከል ሁለት ጠቅታ ይፈልጋል፤ ምንም አያስከፍልም።

ቀረጻውን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት የሚልኩት አገልግሎቶች በዚህ ረገድ የራሳቸው ጥንካሬና ድክመት አላቸው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እስከዚያ የተላከው ክፍል ሊተርፍ ይችላል። ኔትወርኩ ከተቋረጠ ወይም ከደከመ ግን ሥራው ይስተጓጎላል። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በማስፈንጠሪያ ብቻ የሚገኝ የሥልጠና ቪዲዮ ለጎንደር ወይም ለደሴ ባለሙያ እንዳልተቀረጸ ያህል ነበር። ፋይሉ በእጁ ያለ ሰው ግን በፍላሽ ያሻግረዋል።

የፋይሉ ክብደት

ርካሽ የሚባለውን ሥራ ውድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ዳታ ነው። በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት በሚወስድ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 1.1 ጊጋባይት ገደማ ይመዝናል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ጉግል ለአንድ ሰው በነጻ የሚሰጠው የ15 ጊጋባይት ማከማቻ ደግሞ በ13 ሰዓት ቀረጻ ይሞላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 መጀመሪያ ላይ ታሪፉን ከፍ ካደረገ በኋላ ይህ ስሌት ለአዲስ አበባ ይዘት ፈጣሪ ይበልጥ ከብዷል።

ግን ሁሉም ቀረጻ ይህን ያህል መክበድ የለበትም። ስላይድ ወይም የኤክሴል ሰንጠረዥ የሚያሳይ ቪዲዮ እንደ እግር ኳስ ጨዋታ አይንቀሳቀስም። በሰከንድ 30 ምስል ከሚቀርጽ ይልቅ 15 ቢቀርጽ፣ ጥራቱም በሰከንድ ወደ 1 ሜጋቢት ቢወርድ ጽሑፉ አሁንም ይነበባል፤ የሰዓቱ ቪዲዮ ግን ወደ 450 ሜጋባይት ይወርዳል። ድምፁን ግን መቆጠብ አይመከርም። ተማሪ ደብዛዛ ምስልን ይታገሳል፤ የማይሰማ አስተማሪን ግን ትቶ ይሄዳል። በወር 15 ዶላር ለሶፍትዌር ከመክፈል በአንድ ወር ክፍያ ደህና ማይክሮፎን መግዛት ለውጤቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ለማከፋፈል ደግሞ ኢትዮጵያውያን ማንም ሳይመክራቸው ያገኙት መንገድ አለ። ቴሌግራም አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ በነጻ ይቀበላል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የቋንቋ አስተማሪዎችና የሒሳብ አያያዝ አሠልጣኞች ቻናላቸውን እንደ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙበታል፤ ተማሪው አንዴ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ደጋግሞ ያያል። ዩቲዩብም በፍለጋ እንዳይገኝ ተደርጎ ቪዲዮ ማስቀመጥን ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ቪዲዮ የተሰወረ እንጂ የተቆለፈ አይደለም። ማስፈንጠሪያው የደረሰው ሰው ሁሉ ያየዋል።

ለእንግሊዝኛ የሚከፈል ዋጋ

በቅርብ ዓመታት የሚከፈልባቸው መቅጃዎች ዋጋቸውን የሚያስረዱት በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተሠሩ አገልግሎቶች ነው። ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ይለውጣሉ፤ ርእስ ይሰጣሉ፤ “እ...” የሚለውን ማመንታት ቆርጠው ይጥላሉ። በእንግሊዝኛ ለሚቀርጽ የናይሮቢ ቡድን እነዚህ ጊዜ ይቆጥባሉ።

በአማርኛ ለሚያስተምር ሰው ያው ክፍያ የሚያመጣው ነገር እጅግ ያነሰ ነው። ኦፕንኤአይ በ2022 ለሕዝብ በነጻ ያቀረበው ዊስፐር የተባለ ንግግር ወደ ጽሑፍ መለወጫ አማርኛን ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል ቢዘረዝርም፣ በኩባንያው በራሱ ምዘና አማርኛ ከፍተኛ የስህተት መጠን ከታየባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሶማሊኛ የሚሠራ ቡድን የወርሃዊ ክፍያውን ማራኪ ክፍል ሳይጠቀምበት ይከፍላል ማለት ነው። ከመክፈል በፊት የአሥር ደቂቃ አማርኛ ንግግር ሰጥቶ መሞከር ጉዳዩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለየዋል።

በሌላ በኩል ፍላጎቱ እያደገ ነው። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር “5 ሚሊዮን ኮደሮች” የተባለውን የሥልጠና መርሐ ግብር ጀምራለች። በእንግሊዝኛ የተሰጠውን ትምህርት በአማርኛ የሚያብራሩ የዩቲዩብና የቴሌግራም ቪዲዮዎች ተመልካች የሚያገኙትም ለዚህ ነው።

ለቡድን እና ለግለሰብ

በራሱ ስም ይዘት የሚሠራ ሰውና አንድ ቡድን የሚፈልጉት አንድ አይደለም። ኬንያዊ ይዘት ፈጣሪ ከዲጂታል ይዘቱ ከሚያገኘው ክፍያ ላይ በ2023 የወጣው የፋይናንስ ሕግ 5 በመቶ ተቀናሽ ግብር ጥሎበታል፤ መንግሥት መጀመሪያ ያቀረበው 15 በመቶ ነበር። ገቢው በየወሩ ለሚዋዥቅ ሰው ቋሚ የዶላር ክፍያ ከሁሉ በፊት መቅረት ያለበት ወጪ ነው። ኦቢኤስ ከአንድ ነጻ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ጋር ሲሆን የሚጎድለው ነገር ትንሽ ነው።

ቡድን ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ቀረጻዎቹ በአንድ ቦታ መገኘት፣ ማን ምን እንዳየ መታወቅና አስተያየት መስጠት መቻል ይኖርባቸዋል። ለዚህ መክፈል ትርጉም የሚኖረው ጊዜ አለ። ሆኖም ስህተት የሚበዛው በቁጥሩ ላይ ነው። በአብዛኞቹ አገልግሎቶች የሚከፈለው ለሚቀርጽ ሰው እንጂ ለሚመለከት አይደለም። አሥራ ሁለት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ አዘውትረው የሚቀርጹት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ ለአሥራ ሁለቱ መክፈል የልማድ እንጂ የፍላጎት ጉዳይ አይደለም። ድርጅቱ ቀድሞ የሚከፍልባቸውን ነገሮች ማየትም ይገባል። በዙም ነጻ ሒሳብ የቡድን ስብሰባ በ40 ደቂቃ ቢገደብም፣ ብቻውን ስብሰባ ከፍቶ ስክሪኑን እያሳየ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚቀርጽ ሰው ተጨማሪ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። ጉግል ሚት ቀረጻን የሚፈቅደው ግን ለከፋይ ደንበኞች ነው።

የሚቀረጸው ነገርም የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። የሥልጠና ቪዲዮ ሲዘጋጅ በስክሪኑ ላይ የእውነተኛ ታካሚ ስም ወይም የስደተኛ መዝገብ መታየቱ ያልተለመደ አይደለም። ኬንያ ከ2019 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት፤ ተቆጣጣሪ ኮሚሽነርም አላት፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አጽድቃለች። ሁለቱም ሕጎች መረጃ ከአገር ሲወጣ ሁኔታዎች ያስቀምጣሉ። በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚቀር ፋይልና ወዲያውኑ ወደ ውጭ አገር ማከማቻ የሚሄድ ቪዲዮ በሕግ ዓይን እኩል አይደሉም። ለሥልጠና በፈጠራ ስሞች የተሞላ የመለማመጃ ቅጽ ማዘጋጀት ግን ችግሩን ከምንጩ ያቀለዋል።

ውሉ ሲያበቃ

የፕሮጀክት ሕይወት ሦስት ወይም አምስት ዓመት ነው፤ በ2025 እንደታየው በአንድ ደብዳቤም ሊያበቃ ይችላል። ኪራዩ ሲቆም ቀረጻዎቹ ምን እንደሚሆኑ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። አንዳንዶቹ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያሉ፤ አንዳንዶቹ ይቆልፋሉ። ቪዲዮውን አውርዶ ማስቀመጥ ራሱ ለከፋይ ደንበኛ ብቻ የሚፈቀድባቸውም አሉ። አንድ በአንድ ማውረድ ደግሞ ሁለት መቶ ቪዲዮ ላለው ቡድን የቀናት ሥራ ነው፤ ያንን ሥራ የሚያውቀው ሠራተኛ በዚያ ሳምንት ከሥራ የተሰናበተው ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አጠቃላይ ትምህርት ቢጠፋ ምትኩ በኢንተርኔት ይገኛል። የሶማሌ ክልል ጤና ባለሙያ የክትባት መዝገብን በሶማሊኛ የሚማርበት፣ ወይም የአማራ ክልል የግብርና ባለሙያ የመስክ መረጃን በአማርኛ ማስገባት የሚለማመድበት ቪዲዮ ምትክ የለውም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ተጨማሪ ሥራዎቻቸውን ወደ ናይሮቢ ለማዛወር እየተሰናዱ ባሉበት በዚህ ወቅት፣ በጊጊሪና በሩንዳ አዳዲስ ቡድኖች ይደራጃሉ፤ አዳዲስ የሶፍትዌር ውሎችም ይፈረማሉ። በውሉ ውስጥ መፈለግ ያለበት አንቀጽ ቀረጻዎቹን በጅምላ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ቅርጽ ማውረድ የሚፈቅደው ነው። እርሱ ከሌለ፣ እያንዳንዱ ቪዲዮ በተቀዳ ዕለት ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገለበጣል። አንደኛው ዲስክ ናይሮቢ ይቀራል፤ ሁለተኛው ሥልጠናውን ለሚጠቀሙበት የክልል ቢሮዎች ይላካል።